የላንድሮቨሯ ግምት፤ ለወንድሜ ልጅ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣

ከጨንቻ የገዛሻት ላንድሮቨር ጉዳይ ደርሶኛል። የከፈልሽው 600 ሺሕ ብር ነው፤ ውሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ስም ለማዛወር አርባ ምንጭ ስትወርጂ ግን ገማቹ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ 1 ሚሊዮን 400 ሺሕ ብር አወጣላት፤ ቀረጡም የሚታሰበው በዚሁ እንደሆነ ነገሩሽ። ደላላሽ ‹‹መጀመሪያውኑ 200 ሺሕ ብለን ብንጽፍ ይሻል ነበር›› ይላል። አባትሽ ደግሞ ‹‹ከመንግሥት ጋር ምን ያከራክርሻል፤ ከፍለሽ ተገላገዪ›› ብሎሻል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እንዲህ ያለ ግምት በሚሠራበትና ቅሬታው በሚታይበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነውና የሁለቱንም ምክር አልቀበለውም። የመንግሥት ግምት በማስረጃ ይስተካከላል። የሚስተካከለው ግን እውነተኛ ዋጋውን ለጻፈ ሰው ነው፤ ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

1. የምትጠየቂውን ክፍያ በስሙ እወቂው።

በመስኮቱ በኩል ‹‹ግብር›› እየተባለ የሚጠራው ሁሉ አንድ አይደለም። ከመኪናሽ ዋጋ ጋር የተያያዘው ዋናው ክፍያ የቴምብር ቀረጥ ነው። በ1990 የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 የንብረት ባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ ከዋጋው 2 በመቶ እንዲከፈልበት ይደነግጋል። በ600 ሺሕ ሲታሰብ 12 ሺሕ ብር፣ በ1 ሚሊዮን 400 ሺሕ ሲታሰብ 28 ሺሕ ብር ይሆናል። ክርክርሽ እንግዲህ በ16 ሺሕ ብር ላይ ነው። ይህን ቁጥር ያዢው፤ ኋላ እስከየት እንደምትሄጂ የሚወስንልሽ እሱ ነው።

የሰሌዳ፣ የሊብሬና የምርመራ ክፍያዎች የአገልግሎት ዋጋ ናቸው፤ ግምቱ ከፍ ስላለ ከፍ አይሉም። ሻጭሽም መኪናውን ለራሱ ሲነዳ የኖረ እንጂ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ስላልሆነ፣ 15 በመቶ የሚባለው አይነካሽም። እያንዳንዱ ክፍያ በየትኛው አዋጅ ወይም ደንብ እንደተጠየቀ ቁጥሩን ጠይቂ። አዋጅ ይሻሻላል፣ ክልልም የራሱን ደንብ ያወጣል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን አሳዩኝ ማለት መብትሽ ነው።

2. እውነተኛውን ዋጋ በመጻፍሽ አትቆጪ።

ደላላሽ የሚለውን በእርጋታ መርምሪው። 200 ሺሕ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ገማቹ ያወጣው የነበረው ግምት ያው 1 ሚሊዮን 400 ሺሕ ነው፤ መኪናዋ አልተለወጠችማ። ቀረጡም ያው 28 ሺሕ ነበር። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ ዛሬ ‹‹የከፈልኩት ይኸውና፣ የባንኩም ደረሰኝ ይኸውና›› ብለሽ መቆም ትችያለሽ፤ ያኔ ግን በእጅሽ የሚኖረው ውሉና ደረሰኙ የሚጣሉበት ፋይል ነበር። ደረሰኙን ብታሳዪ ውሉ ሐሰት ይሆናል፤ ብትደብቂው ማስረጃ የለሽም።

ይህ ልማድ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ቤትም ሆነ መኪና ሲሸጥ ሁለት ዋጋ አለው፤ አንዱ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው፣ ሌላው በወረቀት የሚሰፍረው። ግምት የሚባለው አሠራር የመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የውል ዋጋን ማመን ስላቆመ ነው። ዋጋ ዝቅ አድርጎ የሚጽፍ ሰው መንግሥትን ብቻ የጎዳ ይመስለዋል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ገዢ ነው ያስጠረጠረው። አንቺ ዛሬ የምትከፍዪው የእነሱን ዕዳ ጭምር ነው፤ ይህን ስጽፍ ያናድደኛል።

ደግሞም የራስሽን ኪስ አስቢ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2005 ላይ፣ በጽሑፍ የሰፈረ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ እንደሆነ ይናገራል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥርም ያንን በምስክር ቃል ማፍረስን ይከለክላል። ነገ መኪናዋ የተሰረቀች ሆና ብትገኝ ወይም የሻሲዋ ቁጥር ተደልዞ ቢገኝ፣ ውሉ ፈርሶ ገንዘቤ ይመለስልኝ ስትዪ ፍርድ ቤቱ የሚያየው የተጻፈውን ነው። 200 ሺሕ የጻፈ ሰው 600 ሺሕ ከፍሎ 200 ሺሕ ይዞ ይመለሳል።

አያትሽ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ነገሩን በሌላ መንገድ ባስረዳሽ ነበር። በጋሞ የሸንጎ ሜዳ፣ በዱቡሻ ላይ፣ የተቀመጠ ሽማግሌ ከሁሉ በፊት የሚያጣራው ነገር ተደብቆ እንደሆነ ነው። የተደበቀ ነገር ጎሜ፣ የተጣሰ ነውር፣ ነው፤ በጎሜ ላይ የተሠራ ዕርቅ አይጸናም። በሐሰት ዋጋ ላይ የቆመ ቅሬታም እንዲሁ አይጸናም።

3. ገማቹ ለምን ያን ያህል እንዳወጣ ተረጂ።

ሰውየው ጠላትሽ አይደለም። ከፊቱ ያለው ዝርዝር ከገበያ የመጣ ነው፤ ገበያውም ባለፉት ዓመታት አብዷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ካገለገሉ መኪኖች መካከል በዕድሜ በገፉትና ሞተራቸው በተለቀው ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዶላሩም በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ሁሉ፣ አሮጌውም አዲሱም፣ ቆሞ እያለ ዋጋው ወጣ። ሌላው ዓለም መኪና በዓመቱ ሲረክስ ያያል፤ እኛ ዘንድ የአሥር ዓመት መኪና ከተገዛበት በላይ ይሸጣል።

ስለዚህ ገማቹ ዘንድ ሄደሽ ‹‹መኪና እንዴት ይህን ያህል ያወጣል?›› ብትዪ የምትረቺው ነገር የለም። ገበያውን ከአንቺ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። የምትከራከሪው ይህች አንዲት መኪና ከዝርዝሩ ጋር እንደማትመሳሰል ነው።

4. ግምቱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

በቃል በተነገረ ቁጥር ላይ ቅሬታ አይጻፍም። ግምቱ የተሠራበት ቀን፣ የመኪናው ዓይነትና የሥሪት ዘመን፣ ዋጋው፣ የገማቹ ፊርማና ማኅተሙ ያለበት ወረቀት ስጡኝ በይ። ካልሰጡሽ ጥያቄሽን በማመልከቻ አድርገሽ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይመታልሽ። የቅሬታ ጊዜ የሚቆጠረው ውሳኔው ከደረሰሽ ቀን አንስቶ ስለሆነ ያ ቀን በወረቀት ላይ ይኑር።

5. መኪናዋን ከገማቹ የበለጠ እወቂያት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ክርክሩ የሚያልቀው እዚህ ነው። የአንቺዋ ሲሪስ ሦስት የሚባለው ዓይነት ናት፤ እንግሊዞቹ ከ1971 እስከ 1985 በፈረንጆች አቆጣጠር የሠሩት። ዲፌንደር የሚለው ስም የመጣው በ1990 ነው፤ በመልክ ግን ሁለቱ እህትማማቾች ስለሆኑ ሊብሬው ላይ ‹‹ላንድሮቨር›› ብቻ ተጽፎ ያየ ገማች የዲፌንደርን ዋጋ ቢወስድባት አይፈረድበትም። የሻሲ ቁጥሩ የትኛዋ እንደሆነች ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው፤ ምናልባት የክርክርሽ ግማሽ በዚህ ብቻ ይፈታል።

ሁለተኛው ዘመኑ ነው። ሊብሬው ላይ 1976 ይላል ብለሽኛል። ይህ የፈረንጅ ዘመን ነው፤ በእኛ 1968 ነው። ዝርዝር የሚሞላ ሰው ቸኩሎ በእኛ አቆጣጠር ካሰበው መኪናዋ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ወጣት ትሆናለች። በግምት ወረቀቱ ላይ የትኛው እንደተወሰደ ተመልከቺ።

ሦስተኛው ሰውነቷ ነው። የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ሃምሳ ዓመት ሆኗትም ኮፈኗና ስፖርቴሎዋ ሳይዝግ ይገኛል። ቀለም ከተቀባች ቆመው ሲያይዋት ጤነኛ ናት። ሻሲዋ ግን ብረት ነው። የጨንቻ ዝናብና ጭቃ የሚበላው ከሥር ያለውን ነው፤ በተለይ የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበትን ቦታና መስቀለኛዎቹን። ገማቹ ዞሮ ያየው ከላይ ነው። አንቺ ጋራዥ አስገብተሽ፣ በጃክ አስነሥተሽ፣ ከሥር ፎቶ አንሺያት፤ የተበላው ቦታ ላይ ሜትር አስደግፈሽ አንሺ፤ ሰሌዳዋም በአንዱ ፎቶ ውስጥ ይታይ።

አራተኛው ሞተሯ ነው። ስትሠራ የመጣችበት 2 ሺሕ 286 ሲሲ ሞተር ነበር። በአገራችን ግን ብዙዎቹ ላንድሮቨሮች መለዋወጫ ሲጠፋባቸው የሌላ መኪና ሞተር ገብቶላቸዋል፤ ካምቢዮውም እንዲሁ። የአንቺ ተለውጦ ከሆነ ሁለት ነገር ይከተላል። እንደ ጥንታዊ መኪና ለሰብሳቢ የሚሸጥ ዋጋዋ ይቀንሳል፤ ይህ ይጠቅምሻል። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ግን ስም ዝውውሩ ራሱ ይቆማል። ስለዚህ ቅሬታ ከማስገባትሽ በፊት የሞተር ቁጥሩን በዓይንሽ እዪ፤ ለውጡ ካልተመዘገበ አስቀድመሽ እሱን ጨርሺ።

ይህን ሁሉ መካኒክ በጽሑፍ ያውጣልሽ። ‹‹መኪናዋ አርጅታለች›› የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። የሚፈለገው ምን ተበላሸ፣ ለመጠገን ምን ዕቃና ምን ያህል የእጅ ዋጋ ይጠይቃል የሚል ዝርዝር ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ራዲያተር፣ የፊት ዲፈረንሻል፣ የሻሲ ብየዳ፣ እያንዳንዱ በብሩ። ጋራዡ ፈቃድ ያለውና ማኅተም የሚመታ ይሁን። አንድ ጋራዥ ካንቺ ጋር ዝምድና ያለው ሊባል ይችላልና ከሲቀላ አንድ፣ ከሼቻ አንድ ብታስጽፊ መልካም ነው። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራው ወረቀት ላይ ጉድለት ተመዝግቦ ከሆነ እሱ ከሁሉም ይበልጣል፤ የመንግሥት የራሱ ቃል ነውና።

ከዚህ ጋር በቅርብ ጊዜ የተሸጡ ተመሳሳይ መኪኖችን ዋጋ ፈልጊ። በቃል የተወራ አይሁን፤ የውል ቅጂ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረታ ውጤት ይሁን። የጨረታ ውጤት ከሁሉ የጠነከረ ነው፤ ላንድሮቨር የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የሚሽን መኪና ሆና በደጋው መንገድ ስላገለገለች አልፎ አልፎ በጨረታ ትወጣለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዋጋ ካቀረቡብሽ፣ እዚያ የታደሰችና በሰብሳቢ የምትፈለግ መኪና እዚህ ከአርባ ምንጭ ተነሥታ 2 ሺሕ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ጨንቻ ስትወጣና ስትወርድ ከኖረች መኪና ጋር እንደማትወዳደር አሳዪ።

6. ሻጩን ከጎንሽ አድርጊ።

ስም እስካልተዛወረ ድረስ መኪናዋ በመዝገብ የእሱ ናት። ጉዳት ብታደርስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2081 ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ሾፌሩ ማንም ይሁን ማን። ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ እሱም ይፈልጋል። ዋጋው 600 ሺሕ እንደነበረና በባንክ ሂሳቡ እንደገባለት በፊርማው ያረጋግጥልሽ። መኪናዋን ሲገዛ የከፈለበትን ወረቀትም ጠይቂው። አሮጌ ወረቀት ላይ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር፣ ሰሜን ኦሞ ዞን ወይም ጋሞ ጎፋ ዞን ተብሎ ቢገኝ አትደንግጪ፤ አስተዳደሩ ስሙን እየለወጠ ነው እንጂ አገሩ አንድ ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የቆመው በ2015 ስለሆነ የቀድሞው ክልል ሰነድ ሐዋሳ ሊቀር ይችላል፤ የአዲሱ ክልል ቢሮዎችም በየከተማው ተከፋፍለው ነው ያሉት። የመኪናዋ ዋና ፋይል የትኛው ከተማ እንዳለ ሳታረጋግጪ ወላይታ ሶዶ አትሂጂ፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሄደሽ ‹‹እዚህ አይደለም›› መባል ይደክማል።

7. ቀኑን ቁጠሪ፣ ቅሬታውንም በአግባቡ ጻፊ።

በ2008 የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የታክስ ውሳኔን የሚቃወም ሰው ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ያዛል። ክልሎች የየራሳቸውን አዋጅ የሚያወጡ ቢሆንም መንገዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚሠራብሽን ጊዜ ጠይቀሽ አጭሩን ያዢ። እሑድም፣ በዓልም፣ ጳጉሜንም ይቆጠራሉ። በቂ ምክንያት ካለሽ ጊዜው ሳያልቅ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ካለቀ በኋላ የሚመጣን ሰው ግን ማንም አይሰማውም። እውነት ይዘው በሃያ ሁለተኛው ቀን የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ የሚያሳዝን ነገር ነው።

አዋጁ ቅሬታው ምን መያዝ እንዳለበትም ይናገራል። የምትቃወሚበት ምክንያት፣ እንዲደረግ የምትፈልጊው ማስተካከያ፣ ማስተካከያው ለምን ትክክል እንደሆነ። ሦስተኛው ላይ ሰው ይደክማል። ‹‹ግምቱ በዝቷልና ይቀነስልኝ›› ማለት ልመና ነው። እንዲህ በይ፦ ‹‹ግምቱ የተሠራው ዲፌንደር ተብሎ ነው፤ መኪናዋ የ1976 ሲሪስ ሦስት ናት፤ በሻሲዋ ላይ ያለው ጉዳት በአባሪ 2 ተዘርዝሯል፤ ዋጋው በባንክ የተከፈለው 600 ሺሕ ብር ተብሎ ይስተካከልልኝ።›› ከሁለት ገጽ አይብለጥ። አባሪዎቹን ቁጥር ስጫቸው።

ያልተከራከርሽበትን ክፍል ደግሞ ክፈዪ። በ600 ሺሕ የሚታሰበው 12 ሺሕ ብር ላይ ክርክር የለሽም፤ እሱ ካልተከፈለ ቅሬታው ተቀባይነት አያገኝም። ለሥራሽ መኪናዋ በአስቸኳይ ካስፈለገችሽና ሙሉውን 28 ሺሕ ከፍለሽ ስሙን ለማዞር ከወሰንሽ፣ ክፍያው ግምቱን መቀበል እንዳይመስልብሽ በዚያው ቀን ‹‹ቅሬታዬን ጠብቄ የከፈልኩ›› የሚል ደብዳቤ አስገቢ።

የማስረዳቱ ሸክም ያለው በአንቺ ላይ መሆኑን አትርሺ፤ አዋጁ ውሳኔው ስሕተት መሆኑን ማሳየት ያለበት ግብር ከፋዩ ነው ይላል። ቁጥር 5 ላይ ያን ያህል የዘገየሁት ለዚህ ነው።

8. በመስኮቱ ፊት ያለሽ አንደበት።

ድምፅ ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው ፋይሉ ከታች ይገባል፤ ይህ ትክክል ባይሆንም ይሆናል። ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በመስከረም 2011 በቡራዩ ወገኖቻቸው መገደላቸውን የሰሙ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ጎዳናዎች በቁጣ ሲወጡ፣ ሽማግሌዎቻችን እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ከዚያ ምድር የበቀልሽ ነሽና ከአንድ ገማች ጋር መጣላት አይመጥንሽም። ‹‹እርስዎ›› በይው፤ ያየሽው ነገር ስለተሰወረበት እንጂ ክፉ ስለሆነ እንዳልሆነ ቆጥረሽ ከሥር የተነሣውን ፎቶ አሳዪው። ብዙ ግምት ደብዳቤ ሳይጻፍ በድጋሚ ዕይታ ሲስተካከል አይቻለሁ። ‹‹ወርደው ከሥር ይዩልኝ›› ብለሽ መጠየቅ ይገባሻል።

ገንዘብ ስጪና ይቀነስልሽ የሚልሽ ሰው ከመጣ፣ ደላላም ይሁን ሠራተኛ፣ አትስሚው። የምትከራከሪበትን እውነት በዚያች ቅጽበት ታጪዋለሽ፤ እሱም ነገ ሌላውን ይጠይቃል።

9. ካልተስማሙሽ።

ቅሬታሽን የሚመረምረው ክፍል ውድቅ ካደረገው ቀጣዩ የግብር ይግባኝ ሰሚው ነው። በፌዴራሉ አዋጅ ይግባኙ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ክርክር ካለበት ታክስ 50 በመቶ ይያዛል፤ በአንቺ ጉዳይ 8 ሺሕ ብር ማለት ነው። ቅሬታሽን ተቀብለው 180 ቀን ያለ መልስ ቢያልፍም ወደ ይግባኝ መሄድ ትችያለሽ። ይግባኝ ሰሚው በ120 ቀን እንዲወስን ይጠበቃል። ከዚያ በላይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፤ እዚያ 75 በመቶ ይያዛል፣ ክርክሩም ስለ ሕግ እንጂ ስለ ሻሲ ዝገት አይሆንም።

ለ16 ሺሕ ብር ፍርድ ቤት ድረስ ሂጂ አልልሽም፤ ጠበቃ ብትይዢ የጠበቃው ክፍያ ይበልጣል። እስከ ይግባኝ ሰሚው ግን ያለ ጠበቃ መሄድ ይቻላል። ጽሑፍ የሚያይልሽ ካስፈለገሽ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና ቢያንስ ምክር ጠይቂ። አስተዳደራዊ በደል ሲሆን፣ ለምሳሌ ማመልከቻሽን አንቀበልም ካሉ ወይም ፋይሉን ከደበቁብሽ፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ሐዋሳ ቅርንጫፍ አለው፣ ክፍያም አይጠይቅም። እሱ ግን የይግባኝ ቀንሽን አያቆምልሽም።

10. ቀረጥ ያልተከፈለባት እንዳትሆን።

ይህን መጀመሪያ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ እንዳላስደነግጥሽ ወደ ኋላ አደረግሁት። አሮጌ ላንድሮቨር በጋሞ ደጋ ብዙ ጊዜ ከሚሽን ወይም ከርዳታ ድርጅት የወጣች ናት። እነዚህ ድርጅቶች መኪና የሚያስገቡት ከቀረጥ ነፃ ነው፤ ብርቱካናማ ኮድ 5 ሰሌዳ የምታዪው በእነሱ ላይ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ የቀረው ቀረጥና ታክስ ይከፈላል። በመካከል ሦስት ሰው ቢለዋወጠውም ይህ ግዴታ ካልተዘጋ አንቺ ላይ ደርሶ ይፈነዳል። ሻጭሽን የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ወይም ቀረጡ የተከፈለበትን ደረሰኝ ጠይቂው። ሊብሬው ላይም እገዳ መኖሩን አጣሪ።

እንዲህ ዓይነት ነገር ከተገኘ ክርክርሽ ከ16 ሺሕ ብር ወደ ብዙ መቶ ሺሕ ይለወጣል፤ መድረኩም የጉምሩክ ኮሚሽን ይሆናል። ያኔ ጠበቃ ያዢ። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ዋጋ የሚወሰነው በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ በእርግጥ የተከፈለው ዋጋ ይታያል፤ እሱ በበቂ ምክንያት ካልተቀበሉት ወደ ፍጹም ተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ፣ ከዚያ ወደ ተቀራራቢ ዕቃ ዋጋ፣ እያለ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ዘሎ ሦስተኛው ላይ መቀመጥ አይቻልም።

ይህን ቅደም ተከተል ወድጄዋለሁ፤ ስም ማዛወሪያው መስኮት ላይም እንዲሠራበት እመኛለሁ። አንቺም በቅሬታሽ ውስጥ ልታነሺው ትችያለሽ፤ በቴምብር ቀረጥ ላይ አስገዳጅ ባይሆንም አገሪቱ ራሷ ዋጋን እንዴት እንደምትፈልግ ያሳያል።

11. ሌላ አገርም ይህ ጣጣ አለ።

ዳላስ ያለችው የአክስትሽ ልጅ ብትጠይቂያት ትነግርሻለች። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ያገለገለ መኪና ከግለሰብ የገዛ ሰው 6.25 በመቶ ታክስ ይከፍላል። ግዛቱ ለየመኪናው የራሱ የግምት ዋጋ አለው፤ ገዢው የከፈለው ከዚያ ግምት 80 በመቶ በታች ካልሆነ ታክሱ በከፈለው ላይ ይታሰባል። በታች ከሆነ በ80 በመቶው ይታሰባል፤ ገዢው ግን በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ፈቃድ ካለው የመኪና ነጋዴ ወይም ከኢንሹራንስ ገማች የተረጋገጠ ግምት ካመጣ ያ ይወሰድለታል። ዝርዝሩ የተገለጠ ነው፤ ማንም ከመግዛቱ በፊት ያየዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ለእኛ ቢመጣ ደስ ይለኛል። አንደኛው የግምት ዝርዝሩ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ገዢ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚጠብቀውን ይወቅ። ሁለተኛው የውል ዋጋና ግምት ጥቂት ሲለያዩ የውሉ ይወሰድ፤ ብዙ ሲለያዩ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሦስተኛ ሰው ይገምት። መንግሥት የሚያጣው ገንዘብ አይኖርም፤ እውነተኛ ዋጋ የሚጽፍ ሰው ይበዛለታልና። ቅሬታሽ ከተሰማልሽ በኋላ ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለቢሮው ኃላፊ ስጪ። ለራስሽ ካለቀልሽ በኋላ የምትጽፊው ስለሆነ ይደመጣል።

12. ሲያልቅ።

የተስተካከለው ግምት በጽሑፍ ይሰጥሽ፤ ከልክ በላይ የከፈልሽው ካለ ተመላሹን በማመልከቻ ጠይቂ። ሊብሬው በስምሽ ሲወጣ መስኮቱን ሳትለቂ የሻሲውን፣ የሞተሩንና የሥሪት ዘመኑን ቁጥር ከወረቀትሽ ጋር አመሳክሪ፤ ስሕተት ካለ እዚያው ያርሙት። ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የመካኒኩን ዝርዝርና ፎቶዎቹን በአንድ ፋይል አስቀምጪ፤ መኪናዋን የምትሸጪለት ሰው ይፈልጋቸዋል። የጋራዡን ቀን ስትቆርጪ ንገሪኝ፤ ሻሲዋን አብሬሽ አያለሁ።